አንቀጽ ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች

ቢሮው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁሉም «እትዬ ማለት» ነበር የሚላት። ቅጽል ስሙን ያወጡላት አለቃዋ፣ ሽማግሌው ጠበቃ ናቸው። ሥራዋ የየውሉን አንቀጽ ሁለት መጻፍ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ያለውን፣ ሰው ሁሉ ዘሎት የሚያልፈውን፣ «ዕቃ ማለት እንዲህ ነው፣ ርክክብ ማለት እንዲያ ነው» እያለ ቃላት የሚፈታውን ክፍል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስትጽፍ ኖራለች።

«ሌላው ጠበቃ ይከራከራል» ይላሉ አለቃዋ እንግዳ ሲመጣ እያስተዋወቋት፤ «እሷ ግን ሰው የሚከራከርበትን ቃል ቀድማ ትቆልፈዋለች። ቁልፉ ሲጠፋ የምከሰሰው እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው አንድ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው። አንድ ትርጉም ተጽፎ ሲያልቅ በቤት ዕቃ ይፈተናል። መጥረጊያ በትርጉሙ ውስጥ ሾልኮ ካለፈ ሰፍቷል ማለት ነው፤ መግባት ያለበት ነገር ውጭ ከቀረ ደግሞ ጠቧል። አንድ ጊዜ «ተሽከርካሪ ማለት በጎማ የሚንቀሳቀስ ማንኛውም ነገር ነው» ብላ ብትጽፍ፣ የተቀመጡበትን ባለጎማ ወንበር በእግራቸው እየገፉ ጠረጴዛዋ ድረስ መጡና «ሴትዮ፣ መንጃ ፈቃዴን ልታዪ ነው?» አሏት። ከዚያ ወዲህ «ማንኛውም» የሚለውን ቃል እንደ ጨው በቁንጥጫ ነው የምትጠቀምበት።

ነገሩ የተጀመረው ክረምት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። በየዓመቱ ከዝናቡ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ክፉ ትኩሳት ነበር። በዚያ ዓመት ጤና ቢሮው ቀድሞ ሊጠብቀው ቆረጠና ክትባት፣ ጓንት፣ ጭምብልና የመርጫ መድኃኒት ከአንድ አምራች ድርጅት ለመግዛት ውል ጀመረ። ሽማግሌው ጠበቃ ለጤና ቢሮው ቆሙ። አርባ ሁለት ገጽ ረቂቅ መጣ፤ አንቀጽ ሁለትም እንደተለመደው እትዬ ማለት ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

የመጀመሪያው ራስ ምታት ስም ማውጣት ነበር። ረቂቁ ከውጭ አገር ናሙና የተቀዳ ስለሆነ፣ በሽታን ለመመከት የሚቀርበውን ነገር ሁሉ በአንድ ቃል ይጠራዋል። ያንን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ብትፈልገው «አጸፋዊ እርምጃ» የሚል አገኘች። እሑድ እናቷ ቤት ምሳ ላይ ይህንኑ ለታላቅ ወንድሟ አነበበችለት። ወንድሟ የማቀዝቀዣ መኪና ሾፌር ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው።

«አጸፋ?» አለ ጉርሻውን አየር ላይ አቁሞ። «ትኩሳቱ ምን ብሎ ሰደባችሁ?»

ሰኞ ቃሉን ሰርዛ «መከላከያ» ብላ ጻፈች። አለቃዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡ። «'መከላከያ በወቅቱ ይቀርባል።' ይህን ያነበበች የጤና ኬላ ነርስ ታንክ ነው የምትጠብቀው» አሉ። በመጨረሻ «የመከላከያ ግብዓት» በሚለው ተስማሙ።

ሁለተኛው ቃል ከዚህም ባሰ። ውሉ፣ ግብዓቱን በቅን ልቦና የሚሠራበት ሰው ጉዳት ቢደርስ በግሉ እንዳይከሰስ ይከላከልለታል፤ ኃላፊነቱን ሁለቱ ድርጅቶች ይሸከሙለታል። ናሙናው ይህን ሰው «የተሸፈነ ሰው» ይለዋል። እናቷ ሲሰሙ «ምነው፣ በርዶት ነው?» አሉ። «ጥበቃ የሚደረግለት ሰው» ብትል ደግሞ አለቃዋ «ከፊቱ ሞተር ብስክሌት ሊሄድለት ነው?» አሏት። ከሁለት ቀን በኋላ «ከለላ የተሰጠው ሰው» የሚለው ተገኘ፤ እሷም እፎይ አለች።

እፎይታው ግን ድርድሩ እስኪጀመር ድረስ ብቻ ነበር። የአምራቹ ድርጅት ጠበቃ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫማው መስታወት የሚመስል ሰው ነው። በጠበቆች ዘንድ «ነጠላ ሠረዝ» ይባላል፤ በአንዲት ነጠላ ሠረዝ ምክንያት አንድ ውል ሰባት ወር አቆይቷል እየተባለ ይወራል። እሱ ራሱ ሲጠየቅ «ስድስት ወር ነው» ብሎ ያርማል።

በመጀመሪያው ቀን እትዬ ማለት የጻፈችውን ጮክ ብሎ አነበበ። «'የመከላከያ ግብዓት ማለት ከበሽታው ለመከላከል የሚያገለግል ነገር ነው።'» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ጥቁር ዣንጥላ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። «ዝናብ የመታው ሰው ይበርደዋል፤ የበረደው ሰው ያተኩሰዋል። እናቴን ቢጠይቁ ይመሰክራሉ። እንግዲህ ደንበኛዬ ለጤና ቢሮው ዣንጥላ ሊያቀርብ ነው?»

እትዬ ማለት ሊመጣባት የነበረውን ንዴት ሳቅ ቀደመው። አለቃዋ አሥራ አንድ ዓመት የፈተኗትን ፈተና ከባላጋራ ወገን መስማቷ ነበር። «በአባሪ አንድ የተዘረዘረና ብቃቱ በባለሙያ የተረጋገጠ» የሚል ጨመረች፤ ዣንጥላውም ወደ ወንበሩ ሥር ተመለሰ።

ሦስት ቀን እንዲህ ሲገፋፉ ቆዩ። ሐሙስ ከሰዓት «ከለላ የተሰጠው ሰው» የሚለው ላይ ደረሱ። እሷ ዝርዝሩን «አምራች፣ አከፋፋይ፣ የጤና ባለሙያ እና መሰል ሰዎች» ብላ ነበር የጨረሰችው። ነጠላ ሠረዝ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ።

«'መሰል' ማለት ማን ነው?» አለ። «የጎረቤቴ ልጅ የጤና ባለሙያ ይመስላል፤ ነጭ ጋዋን ይወዳል። ግን ፀጉር አስተካካይ ነው።»

ሁሉም ደክሟቸው ነበር። መስኮቱ አይከፈትም፤ የአለቃዋ ዓይን ሊከደን ደርሷል። እሷም «ይሰረዝ» አለች። እሱ ሰረዘ። በየገጹ ግርጌ አጭር ፊርማ አኖሩበትና ማክሰኞ ዋናውን ሊፈራረሙ ተጨባብጠው ተለያዩ።

እሑድ እናቷ ቤት ስትሄድ ወረቀቱን በቦርሳዋ ይዛለች። ልትኩራራበት ነው እንጂ ለሌላ አልነበረም። ምሳው ተነሥቶ ሻይ ሲቀርብ ብድግ ብላ አንቀጽ ሁለትን እንደ ዜና አንባቢ አነበበችው። እናቷ አጨበጨቡ። «ምንም አልገባኝም፤ ግን ያምራል» አሉ።

ወንድም ጋሼ አላጨበጨበም። ብርጭቆውን አስቀምጦ «እሺ፣ እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለ።

«የቱ ጋ ማለት?»

«ክትባቱን ከመጋዘን ጤና ኬላ የማደርሰው እኔ አይደለሁም እንዴ? ስሜ የቱ ጋ ነው?»

«አከፋፋይ ውስጥ ነህ» አለች ፈጠን ብላ። ከዚያ ጣቷ ወደ ታች ወረደና የራሷን ጽሑፍ አገኘ፤ «አከፋፋይ ማለት ለማከፋፈል ሥራ ፈቃድ የተሰጠው ድርጅት ነው።» ጣቷ እዚያው ቆመ።

«ድርጅት መሰልኩሽ?» አለ ወንድም ጋሼ ሆዱን እየመታ። «ለነገሩ በክብደት እበቃለሁ።»

ሁሉም ሳቁ። እሱ ግን ሳቁ እንዳለቀ ዝም አለ። ወንድም ጋሼ ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ መኪና ሲነዳ እንኳ ከመንገዱ ጋር ያወራል። እናቷ «ምነው ልጄ?» አሉት።

«አምና» አለ፣ «ድልድይ ተሰብሮ አራት ሰዓት ቆሜ ነበር። ከተጫኑት ሳጥኖች አንዱ ሞቀ። ክትባቱ ተጣለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየጠሩ 'አንተ ነህ ያበላሸኸው' ሲሉኝ ከረሙ። ከነርሷ እስከ ንብረት ክፍሉ፣ ሁሉም አንቀጽ እየጠቀሰ ነፃ ወጣ። እኔ የምጠቅሰው አልነበረኝም። በስንት መከራ ድልድዩ መሰበሩን የሚያስረዳ ወረቀት አምጥቼ ነው የተውኝ።»

«ለምን አልነገርከንም?» አለች እህቱ።

«እማዬ እንዳትጨነቅ ብዬ ነዋ። አሁንም የነገርኩሽ ጠይቀሽኝ ነው።»

«እኔ መቼ ጠየቅኩህ? የጠየቅከው አንተ ነህ።»

«እንግዲያው መልሽልኝ» አለ፤ ፈገግታው ተመልሶ ነበር።

እሷ ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እሑድ እሑድ ይህን ሰው ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ምሳ ትበላለች። መንገዱን፣ ጎማውን፣ በረዶውን፣ ኮረብታውን ሲያወራ ዓመታት ሰምታዋለች። ሐሙስ ከሰዓት «መሰል ሰዎች» በቀይ ሲሰረዝ ግን አንዴም ትዝ አላላትም። ፊቷ እንደ ፍም ጋለ።

በማግሥቱ ጠዋት አለቃዋ ገና ኮታቸውን ሳይሰቅሉ ነገረቻቸው። ሰምተው ሲያበቁ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና «አጭር ፊርማ አኑረንበታል እኮ» አሉ። «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።»

«ዋናው ፊርማ ነገ ነው፤ ውኃው ገና ከማሰሮው ጫፍ ላይ ነው ያለው ጋሼ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ያላየሽውን ነገር አትተርጉሚ ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለውኝ ነበር።»

«ሂጂና እዪዋ!»

ያን ጊዜ ነው አባሪ ሦስት ትዝ ያላት። ሁለቱም ወገኖች ከፊርማ በፊት የግብዓቱን አያያዝና ጉዞ «በአካል ተገኝተው» እንዲያዩ ይላል። እንዲያ ያለውን አንቀጽ ማንም አይፈጽመውም፤ በስልክ «አይተናል አይደል?» «አዎ፣ አይተናል» ተባብሎ ያልፋል። ስልኩን አንሥታ ለነጠላ ሠረዝ ደወለች።

«ዛሬ?» አለ። «ዛሬ ሦስት ስብሰባ አለብኝ።»

«'በአካል ተገኝተው' የሚለውን ያስገቡት እርስዎ ነዎት። ገጽ ሠላሳ ስምንት።»

ከወዲያኛው ወገን ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። «በስንት ሰዓት?»

አምስት ሰዓት ላይ መጋዘኑ በር ላይ ተገናኙ። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ በዚያ ሙቀት ወፍራም ካፖርት ደርባ፣ ከጉልበቷ በላይ የሚደርስ ቦት ጫማ አድርጋ ተቀበለቻቸው። ከቀዝቃዛው ክፍል እየገባች እየወጣች ሰማያዊ ሳጥኖቹን ትቆጥራለች፤ በእያንዳንዱ ላይ የእጅ ሰዓት የሚያህል ቴርሞሜትር ተለጥፏል። አረንጓዴ መብራት ካበራ ደኅና ነው፤ ቀይ ካበራ ክትባቱ ሞቋል። ነጠላ ሠረዝ አንዱን ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ ማስታወሻ ያዘ። የዕለቱ ጭነት አምራቹ ከዚህ ውል በፊት ካቀረበው ክትባት ኮረብታው ላይ ላለው ጤና ኬላ የሚሄድ አራት ሳጥን ነበር፤ ሾፌሩም ሌላ ማን ይሆናል፣ ወንድም ጋሼ ነው።

መኪናው ፊት ለፊት ሦስት ሰው ተጣቦ ይይዛል። እትዬ ማለት ከመሃል ተቀመጠች። ነጠላ ሠረዝ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ በሩ ጥግ ተጣጠፈ። ወንድም ጋሼ ሞተሩን እንዳስነሣ አፉም አብሮ ተነሣ፤ የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደተቆፈረ፣ የትኛው ትራፊክ በምን ቀን እንደሚቆጣ፣ የማቀዝቀዣው ሞተር ድምፁን ሲቀይር ምን ማለቱ እንደሆነ። ነጠላ ሠረዝ መጀመሪያ በትሕትና ራሱን ይነቀንቅ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ መጠየቅ ጀመረ። «ማቀዝቀዣው ቢጠፋ ስንት ሰዓት ይቆያል?» «ሳጥኑ ካልተከፈተ በቂ ሰዓት አለህ። ከተከፈተ በሩጫ ነው።»

ኮረብታው ሥር ሲደርሱ መንገዱ ተቆርጦ አገኙት። የቧንቧ ሠራተኞች ከዳር እስከ ዳር ቦይ ቆፍረዋል፤ ለእግረኛ አንድ ሳንቃ አጋድመውበታል።

«እንግዲህ ከዚህ በኋላ በትከሻ ነው» አለ ወንድም ጋሼ ወርዶ። እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜም የሚያግዙት ሁለት ጫኝና አውራጆች ነበሩ። ቢደውል አንደኛው ልጁን ሊያስመዘግብ ትምህርት ቤት ሄዷል፤ የሌላው እግር ደግሞ ወለም ብሎታል። ወንድም ጋሼ ወደ ኮረብታው አየ፣ ወደ ሳጥኖቹ አየ፣ ከዚያ ወደ ሁለቱ የሕግ ሰዎች አየ። 

«እኔ አንድ እይዛለሁ» አለች እህቱ።

«እኔ ሁለት። የአራተኛውን ነገር ደግሞ...» ወንድም ጋሼ ዓይኑን ወደ መስታወቱ ጫማ ዝቅ አደረገ።

ነጠላ ሠረዝ ኮቱን አውልቆ መኪናው ውስጥ ሰቀለ፤ ክራቫቱን በሸሚዙ ኪስ ከተተ። «ማቀፊያው በየት በኩል ነው?» አለ።

ሳንቃውን ተሻገሩ። አቀበቱ ከታች ሲያዩት ምንም አይመስልም ነበር። ሳጥኑ ከክብደቱ ይልቅ መያዣ ማጣቱ ነው የሚያስቸግረው፤ ሆድ ላይ ቢደግፉት ይንሸራተታል፣ ትከሻ ላይ ቢያወጡት ዓይን ይጋርዳል። ነጠላ ሠረዝ ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየረለት። አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ቆመ። ፊቱ በላብ ተነክሯል።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ እያለከለከ። «አሁን... ይህ ሳጥን ከእጄ ቢወድቅስ?»

«በአንቀጽ ሁለት መሠረት?» አለች እትዬ ማለት፤ እሷም ቆማ ነበር።

«በአንቀጽ ሁለት መሠረት።»

«አምራች ነዎት?»

«የአምራቹ ጠበቃ ነኝ።»

«ጠበቃ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አከፋፋይ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«የጤና ባለሙያ?»

«ደም ሳይ ያዞረኛል።»

«እንግዲያው በግልዎ ይከሰሳሉ።»

ነጠላ ሠረዝ ሳጥኑን ወደ ደረቱ አስጠጋው። «መሰል ሰዎች የሚል ነገር አልነበረም እንዴ?»

«ነበር። ሐሙስ ከሰዓት አንድ ሰው በቀይ ሰረዘው።»

ወንድም ጋሼ ከፊት ሆኖ ይሰማ ነበር። ሳቁ ሲመጣበት ሁለቱን ሳጥኖች ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀምጦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሆዱን ይዞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ነጠላ ሠረዝ መጀመሪያ ከንፈሩን ነከሰ፤ ከዚያ እሱም አልቻለም። ሲስቅ ክንዱ ላላ፤ ሳጥኑም መንሸራተት ጀመረ።

«አንተ ልጅ፣ ልትጥለው ነው!»

ከመንገዱ ዳር ሽንኩርት ዘርግተው የሚሸጡ ባለ ሻሽ ሴትዮ ነበሩ። ብድግ ብለው ሳጥኑን ከሥር ደገፉት፤ ከእጁም ነጠቁት። ሻሻቸውን ፈትተው ጠቅልለው አናታቸው ላይ አደረጉ፤ ሳጥኑን በላዩ ጫኑና እጃቸውን ሳያስነኩት ወደ ላይ ነጎዱ።

«እትዬ፣ ሽንኩርቱስ?» አለ ነጠላ ሠረዝ ከኋላ።

«አንተ ጠብቅልኛ! ለሳጥን አልሆንክ፣ ለሽንኩርት አታንስም!»

ግን አልጠበቀም፤ ሮጦ ደረሰባቸው። ሽንኩርቱን የቧንቧ ሠራተኞቹ ከታች ሆነው ዓይን ዓይኑን እያዩ ጠበቁላቸው።

ጤና ኬላው ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ነው። ነርሷ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ዞራ ቴርሞሜትራቸውን አየች። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። የርክክቡን ቅጽ ፈረመችና «ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ጫኝ ነው የላኩልን?» አለች ነጠላ ሠረዝን ከእግር እስከ ራሱ እያየች። መስታወቱ ጫማ አፈር ለብሷል።

«ጠበቃ ነው» አለ ወንድም ጋሼ።

«ምን አጥፍቶ?»

ነጠላ ሠረዝ በረንዳው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ውኃ ጠጣ። ለረጅም ጊዜ ወደ አቀበቱ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ከነርሷ አንድ የተበላሸ ቅጽ ለመነ፤ ጀርባው ባዶ ነው። እስክሪብቶውን አወጣ፤ ሰማያዊውን። «ይበሉ እንጂ» አላት እትዬ ማለትን። «ከለላ የተሰጠው ሰው ማለት...»

እትዬ ማለት አጠገቡ ተቀመጠች። «...የመከላከያ ግብዓትን የሚያመርት፣ የሚያከፋፍል፣ የሚጠብቅ፣ የሚጭን፣ የሚያወርድ፣ የሚያጓጉዝ፣ የሚሸከም ወይም ለታካሚ የሚሰጥ ሰው ነው፤ በክፍያም ሆነ ያለ ክፍያ።»

ጽፎ ሲያበቃ እስክሪብቶውን አነሣ። «ቆይ፣ ቆይ። ሌባስ? ሳጥኑን ሰርቆ የሚሮጥ ሰውም እየተሸከመ ነው። ያለ ክፍያ።»

እውነቱን ነበር። እትዬ ማለት አሰበች። «'በሥራው ኃላፊ ጥያቄ ወይም ፈቃድ' እንበል።»

«ኃላፊው ማነው?»

«እዚህ እኔ ነኝ» አለች ነርሷ መርፌ እየቆጠረች። «እኔ እሺ ካላልኩ ማንም አይሸከምም።»

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አሉ ባለ ሻሿ። «ልጁ ሊጥለው ሲል አየሁና ያዝኩ። ፈቃድ እስክጠይቅ ክትባቱ ገደል ይግባ?»

ሁለቱ የሕግ ሰዎች ተያዩ። ነጠላ ሠረዝ ፈገግ ብሎ «ወይም ግብዓቱን ከጉዳት ለማዳን» ብሎ ጨመረበት።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለች እትዬ ማለት። «ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ጉዳት ያደረሰ ሰው ከለላ የለውም። ከባድ ቸልተኝነት ምን እንደሆነ ግን ውሉ አይናገርም።»

«አከራካሪ ቃል ነው» አለ ነጠላ ሠረዝ። «ስለ እሱ የተጻፈው ብዙ ነው።»

«ምኑ ያከራክራል?» አለ ወንድም ጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ። «መብራቱ ቀይ ሲያበራ እያየ ቁርሱን የሚበላ ሾፌር ነዋ። መብራቱን ሳያየው ቢሞቅ ስህተት ነው። ድልድይ ተሰብሮ ቢሞቅ የእግዜር ነው። እያየ ከበላ ግን እሱን እኔም እከሰዋለሁ።»

 ነጠላ ሠረዝ ቀስ ብሎ፣ እየደገመ ጻፈው፤ «ከባድ ቸልተኝነት ማለት የአደጋ ምልክት እያየ፣ ማድረግ የሚችለውንና የሚገባውን አለማድረግ ነው።» ካነበበው በኋላ ቀና ብሎ «የት ነው የተማርከው?» አለው።

«መንገድ ላይ» አለ ወንድም ጋሼ። «ትምህርቱ ሰፊ ነው፤ ወንበር ግን አንድ ብቻ ነው ያለው።»

በማግሥቱ የፊርማው አዳራሽ ውስጥ ነገሩ በቀላሉ አላለፈም። የአምራቹ ሥራ አስኪያጅ አዲሱን ትርጉም ሁለት ጊዜ አንብቦ ቅንድቡን አነሣ። «'ያለ ክፍያ' ይላል። ማን ናቸው እነዚህ? መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ በእኛ ውል ውስጥ ምን ይሠራል?»

እትዬ ማለት ልትመልስ አፏን ስትከፍት ነጠላ ሠረዝ ቀደማት። «ትናንት የእናንተን ክትባት እኔ ልጥለው ስል አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ናቸው ያዳኑት» አለ። «እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፊርማ አይሆንም ነበር። ክትባታችሁ በመጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ላይ የሚሄደው በእነዚህ ሰዎች ጫንቃ ነው። ፈርተው ቢተዉት ሳጥኑ ኮረብታ ሥር ይቀራል።»

ሥራ አስኪያጁ ጠበቃውን እንደ አዲስ ሰው አየው። ከዚያ «ጫማህን ምን ነካው?» አለው። አዳራሹ ሳቀ፤ እሱም እስክሪብቶውን አነሣ። ሽማግሌው ጠበቃ ከመፈረማቸው በፊት አንቀጽ ሁለትን እንደ ወጉ ፈተኑት። ወዲያና ወዲህ አዩ፤ መጥረጊያም፣ ዣንጥላም፣ ባለጎማ ወንበራቸውም አላለፈላቸውም። «ልጄ» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዛሬ እኔ አልከሰስም ማለት ነው።»

ውሉ በጸና በሦስተኛው ቀን ወንድም ጋሼ ቅጂ ጠየቀ። እህቱ አንቀጽ ሁለትን አትማ ሰጠችው። በማግሥቱ ጠዋት እሷም ለርክክብ መጋዘኑ ጋ ነበረች፤ ግቢው ውስጥ ጫኝና አውራጆቹ ካርቶን ላይ ተቀምጠው ቁርስ ሲበሉ አገኘቻቸው። ወንድም ጋሼ መኪናው ደረጃ ላይ ቆሞ ያነብላቸዋል። እግሩ ወለም ያለው ሰውዬ ቁርጭምጭሚቱን በፋሻ ጠምጥሞ፣ ልጁን ያስመዘገበው ደግሞ ዳቦውን እጁ ላይ ረስቶ ያዳምጣሉ።

«...የሚጠብቅ፣ የሚጭን፣ የሚያወርድ፣ የሚያጓጉዝ፣ የሚሸከም...»

«እስቲ ቁም» አለ ባለ ፋሻው። «የሚጭን የምትለዋን ድገማት።»

«የሚጭን።»

«የሚያወርድም አለ?»

«የሚያወርድም አለ። ይኸውልህ።»

ሰውዬው ተነሥቶ እያነከሰ መጣና ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። ጣቱን በቃሏ ሥር አሳለፈ፤ ራሱ ቀስ ብሎ በፊደል በፊደል አነበባት። ከዚያ ቀና ብሎ ጓደኛውን «አየህ፣ እኔ ሁለት ጊዜ አለሁ» አለው። ጓደኛው «እንዲያማ ከሆነ ሁለት ሳጥን ያዝ» ብሎ መለሰለት፤ ሁሉም ተነሡ፤ የቀዝቃዛው ክፍል በርም ተከፈተ።